አሮጌ ሃይሉክስ፦ የቱን ግቢ ውስጥ እንሥራ? ለየቱ መካኒክ እንጥራ? የቱን ጋራዥ እናስገባ?

አሮጌ ባለ ፎር ዊል ፒካፕ ያለው ሰው አዲስ ድምፅ በሰማ ቁጥር ሦስት ምርጫ አለው። ራሱ ክሪክ አስገብቶ ይገባበታል። መካኒክ እቤቱ ድረስ ያስጠራል። ወይም ጋራዥ ያስገባዋል። አብዛኛው ሰው የሚመርጠው ኪሱን አይቶ ነው። ኪስ መታየት አለበት፣ ግን ብቻውን አይበቃም። እኔ የምጠይቀው ሌላ ጥያቄ ነው፦ ሥራው በትክክል መሠራቱን መኪናው እንደቆመ ማረጋገጥ ይቻላል? ከተቻለ ግቢ ውስጥ ይሠራ። የሥራው ጥራት የሚታወቀው ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ ከሆነ ግን የሙያውና የመሣሪያው ባለቤት እጅ ይግባ።

የማወራው ስለ ቶዮታ ሃይሉክስ ነው። በተለይ ኤልኤን 106 ስለሚባለው፣ እ.ኤ.አ. ከ1988 እስከ 1997 ስለተመረተው። 2.8 ሊትር 3ኤል የናፍጣ ሞተር አለው። ቱርቦ የለውም። ከፊትም ከኋላም ባሌስትራ (ተደራራቢ የብረት ሞላ) ላይ ነው የተቀመጠው። ሞተሩን የሚያዝ ኮምፒውተር ስለሌለው ብልሽቱ በዓይን፣ በጆሮና በእጅ ይገኛል። በኋላ የመጣው 3.0 ሊትሩ 5ኤል ሞተርም ከዚህ ብዙ አይርቅም። 1ኤችዜድ ሞተር ያለው ላንድ ክሩዘር የምትነዱም ከዚህ ጽሑፍ አብዛኛው ይሠራላችኋል።

ዛሬ ይህን መኪና ማቆየት ከድሮው ይበልጥ ያዋጣል። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ የመለዋወጫ ዋጋም አብሮ ወጣ። ስለዚህ ሳያጣሩ ዕቃ መግዛት ከበፊቱ የበለጠ ያስከፍላል።

ጥገናው የትም ይሁን፣ ምርመራው ቤት ነው

ምክንያቱ ቀላል ነው። ብዙ ብልሽት የሚታየው ጠዋት፣ ሞተሩ በረዶ ሆኖ ሲያድር ነው። ጋራዥ እስክትደርሱ ሞተሩ ይሞቃል፣ ምልክቱም ይጠፋል። መካኒኩ ያላየውን ነገር ይገምታል። ግምቱ ደግሞ በእናንተ ገንዘብ በሚገዛ ዕቃ ነው የሚሞከረው። "ጠዋት ነጭ ጭሷል፣ ከደቂቃ በኋላ ጠፍቷል" ብሎ የገባ ሰውና "አስቸገረኝ" ብሎ የገባ ሰው አንድ ዓይነት ሂሳብ አይከፍሉም።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር። ክሪክ ማንሻ ነው፣ መደገፊያ አይደለም። ከሥር ከመግባታችሁ በፊት ጠንካራ ማቆሚያ ብረት አድርጉ። መሬት የነኩትን ጎማዎች በድንጋይ ወይም በእንጨት ከፊትም ከኋላም አግዷቸው። ማርሽ ውስጥ ማስገባት ብቻውን አያስተማምንም። አንዱ የኋላ ጎማ ከመሬት ከተነሳ ዲፈረንሻሉ (ጉልበቱን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለው) የተነሳውን ጎማ ያዞርና መኪናው ሊንሸራተት ይችላል።

አልነሳ ሲል፦ አብዛኛው የግቢ ሥራ ነው

መጀመሪያ ጭስ ማውጫውን የሚያይ ሰው አቁሙና ሞተሩን አዙሩ። ሞተሩ እየዞረ ነጭ ጭስ ካወጣ ናፍጣው ደርሷል፣ ግን አልነደደም። እየዞረ ምንም ጭስ ከሌለ ናፍጣው ራሱ አልደረሰም። ይህ ልዩነት ፍለጋውን በግማሽ ይቀንሰዋል።

ነጭ ጭስ ካለና ከተነሳ በኋላ እየተንቀጠቀጠ ቀስ በቀስ የሚስተካከል ከሆነ፣ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የማሞቂያ ካንዴላ ነው። አራት አሉ። አራቱን የሚያገናኘውን ቀጭን ብረት ፍቱት። ከዚያ በቴስተር ከካንዴላው ጫፍ እስከ ሞተሩ ብረት ያለውን ለኩ። ደህናው ወደ ዜሮ የተጠጋ፣ ከ1 ኦም በታች የሆነ ቁጥር ይሰጣል። የሞተው ምንም አያሳይም። ቴስተር ከሌላችሁ ከባትሪው ፖዘቲቭ በአንድ የመኪና አምፖል በኩል ሽቦ ወስዳችሁ የካንዴላውን ጫፍ ንኩ። አምፖሉ ከበራ ካንዴላው አልተቆረጠም። ስትገዙ አሮጌው ላይ የተጻፈውን ቮልት አይታችሁ ያንኑ ግዙ። ባትሪው 12 ቮልት ስለሆነ ሁሉም ካንዴላ 12 ነው ማለት አይደለም፤ በዝቅተኛ ቮልት የሚሠሩም አሉ። የተሳሳተው ቶሎ ይቃጠላል፣ ወይም በቂ ሙቀት አይሰጥም።

ጭስ ከሌለ ወደ ናፍጣው መስመር ሂዱ። የናፍጣ ፊልትሮው (ማጣሪያው) ላይ ያለውን የእጅ ፓምፕ ተጫኑት። ጠዋት ላይ ባዶ ሆኖ ካገኛችሁትና ደጋግማችሁ ስትጫኑት ጠንክሮ መኪናው ከተነሳ፣ ሌሊቱን አየር እየገባ ናፍጣው ወደ ሰልባትዮው (ናፍጣ ታንኩ) ተመልሷል። ብዙ ጊዜ የተሰነጠቀ ትንሽ የጎማ ቱቦ ወይም የላላ ማሰሪያ ነው። ከፊልትሮው ወደ ዋናው ፓምፕ የሚሄደውን ቱቦ ለጊዜው ናፍጣ በሚችል፣ ውስጡ በሚታይ ቱቦ ተኩት። ሞተሩ ሲሠራ አረፋ ሲያልፍ በዓይናችሁ ታያላችሁ። ይህን አይቶ ፓምፕ የሚያስፈታ ሰው አይኖርም። ሳያየው ግን ብዙ ሰው ያለ ጥፋቱ ፓምፑን ያስፈታል።

የፊልትሮውን ሥር ፈታ አድርጋችሁ ናፍጣውን ውስጡ በሚታይ የውኃ ጠርሙስ ተቀበሉት። ጥቂት ሲያርፍ ውኃ ካለ ከታች ተለይቶ ይቀመጣል። ውኃ ካገኛችሁ ንጹሕ ናፍጣ እስኪመጣ ድረስ አፍስሱት። ቁልፉን ስታበሩ ደግሞ ፓምፑ ላይ ካለው ናፍጣ መዝጊያ "ጠቅ" የሚል ትንሽ ድምፅ መምጣት አለበት። ካልመጣ ሽቦውን ተከተሉ፣ ወይም ኤሌክትሪሽያን ጥሩ።

ባትሪው ደህና ሆኖ ሞተሪኖው (ማስነሻው) አንዴ "ጧ" ብሎ ዝም ካለ፣ አዲስ ሞተሪኖ ለመግዛት አትቸኩሉ። ብዙ ጊዜ ያለቁት ውስጡ ያሉት ሁለት የመዳብ መገናኛዎች ናቸው። ሲፈታ አንዱ ጎኑ ተበልቶ ይታያል። ሞተሪኖውን ከመኪናው ማውረድ የቤት ሥራ ነው። የባትሪውን ገመድ መጀመሪያ ንቀሉ። መገናኛውን ማስቀየር የኤሌክትሪሽያን አጭር ሥራ ነው፣ ዋጋውም ከሙሉው ሞተሪኖ ጋር አይወዳደርም።

ጭሱ ጥቁር ወይም ሰማያዊ ከሆነ

ጥቁር ጭስ ናፍጣው ከአየሩ በዝቷል ማለት ነው። መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን አውጥታችሁ እዩ። ቆሽሾ ከሆነ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ካልሆነ ግን ከፍታውን አስቡ። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር በሩብ ገደማ ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ይህን ማካካሻ የለውም። ፓምፑ ቆላ ላይ የተስተካከለ መኪና ደጋ ሲወጣ መጨሱ የሚጠበቅ ነው። ማስተካከያው ግን ፓምፑ ላይ ያለችውን ቪቴ በካቻቪቴ እየነካኩ መሞከር አይደለም። ኢንጀክተሮቹን ነቅላችሁ ወደ ዲዝል ፓምፕ ሠሪ ውሰዱ፣ ግፊታቸውንና አረጫጨታቸውን በማሽን ያያል። ይህን ቤት ውስጥ ማረጋገጥ አይቻልም።

ሰማያዊ ጭስ ሞተሩ ዘይት እየበላ ነው። ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን አንሡ። በኃይል እየተነፋ የሚወጣ ከሆነ የፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) ማለቅ ሊሆን ስለሚችል ኮምፕሬሽን (የሲሊንደሩን ግፊት) ማስለካት ይገባል። ልኬቱ አጭር ሥራ ነው። ሳይለካ "ሞተር ይውረድ" ለሚል ሰው እሺ አትበሉ።

ሙቀት፦ በርካሹ ጀምሩ

ደጋ ላይ ስለ ሙቀት ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። አዲስ አበባ ላይ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ሥራ ላይ ያለ ሞተር ከዚህ ብዙም አይርቅም። ውኃውን ሳይፈላ የሚያቆየው የራዲያተሩ ክዳን የሚፈጥረው ግፊት ነው። ክዳኑ ደህና ሲሆን የመፍላቱ ነጥብ ከ110 ዲግሪ ያልፋል። የክዳኑ ሞላ ከደከመ ወይም ጎማው ከደረቀ ግን ዳገት ላይ ውኃ ይተፋል። ሰውም ቴስታታውን (የሞተሩን ራስ) ይጠረጥራል። ስለዚህ መጀመሪያ ክዳን ቀይሩ። ከሁሉም ርካሹ እሱ ነው።

ቀጥሎ የራዲያተሩን ፊት በባትሪ ብርሃን እዩ። አቧራና ጭቃ የቀጫጭን ቆርቆሮዎቹን መሃል ሲደፍን ከውጭ አይታወቅም። ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት፣ በቀስታ በውኃ እጠቡት። ከዚያ ቬንትሌተሩ (ማራገቢያው)። ሞተሩን ትኩስ እያለ አጥፉትና ቬንትሌተሩን በእጅ አዙሩት። ሊቋቋማችሁ ይገባል። እንደ ልቡ ብዙ ዙር የሚሽከረከር ከሆነ መሃሉ ያለው ዘይት አልቋል። የሚለወጠው ያ መሃከለኛ ክፍል ነው።

እነዚህ ሁሉ ደህና ሆነው ሙቀቱ ከቀጠለ ጠዋት ሞተሩ በረዶ እያለ ክዳኑን ክፈቱና አስነሱት። ያለማቋረጥ አረፋ የሚወጣ ከሆነ ወይም ክዳኑ ተዘግቶ ሲሠራ የላይኛው ቱቦ ገና ሳይሞቅ እንደ ድንጋይ ከጠነከረ የሞተሩ ግፊት ወደ ውኃው እየገባ ነው። የቴስታታ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያው) ሄዷል፣ ወይም ቴስታታው ተሰንጥቋል። እዚህ ላይ የቤት ሥራ ያበቃል። ቴስታታው ተፈትቶ ቶርኖ ቤት (የብረት መላጫ ሥራ ቤት) ገብቶ ስንጥቁና ጠፍጣፋነቱ መታየት አለበት። ጓርኒሲዮኑን ብቻ ቀይሮ የሚመልስ መካኒክ ዋጋው ቢቀንስም አትምረጡት። የተጣመመ ቴስታታ አዲሱንም ጓርኒሲዮን ይበላዋል፣ የእጅ ዋጋም ሁለቴ ትከፍላላችሁ።

ፎር ዊሉ አልይዝ ሲል

ጋራዥ ከመሄዳችሁ በፊት የአሥር ደቂቃ ሙከራ አለ። ሞተሩን አጥፉ። የፎር ዊሉን ማርሽ ኋላ ጎማ ብቻ በሚነዳበት ቦታ ተዉት። ሁለቱንም የፊት ጎማ ማያያዣዎች (ጎማው መሃል ላይ በእጅ የሚዞሩትን) ወደ ሎክ አዙሩ። አንዱን የፊት ጎማ በክሪክ አንሡና በእጅ አዙሩት። ወደ ፊት ዲፈረንሻል የሚሄደው ፕሮፔለር (ረጅሙ ዘንግ) አብሮ መዞር አለበት። ካልዞረ አንደኛው ማያያዣ አልያዘም። አሁን የተነሳውን ወደ ፍሪ መልሱና ድገሙት። ጎማው ሲዞር ፕሮፔለሩ መቆም አለበት። ከዞረ ማያያዣው ተጣብቋል። ከዚያ ክሪኩን ወደ ሌላው ጎን አዛውራችሁ ያንኑ ድገሙ።

ማያያዣው ከሆነ ሥራው የግቢ ነው። ብሎኖቹ ትናንሽ ናቸው፣ ውስጡ በደረቀ ግራሶ ይያዛል። ፈትታችሁ በናፍጣ አጥቡት፣ አድርቁት፣ ስስ ግራሶ ቀብታችሁ መልሱት። ካጸዳችሁት በኋላ ያንኑ ሙከራ ድገሙ። ውጤቱን እዚያው ታያላችሁ። ይህን ዓይነት ሥራ ነው ቤት እንዲሠራ የምፈልገው። ፕሮፔለሩ በደንብ እየዞረ መኪናው ግን ጭቃ ውስጥ በፊት ጎማ ካልሳበ ጉዳዩ ካምቢዮው (ማርሽ ሳጥኑ) ጎን ያለው የማከፋፈያ ሳጥን ነው። ያ የጋራዥ ነው።

አንድ ልብ የሚባል ነገር። ይህ ፎር ዊል ደረቅ አስፋልት ላይ አይነዳም። የፊቱና የኋላው ዘንግ መታጠፊያ ላይ እኩል ስለማይዞሩ ጉልበቱ ማርሾቹንና ክሮቸራዎቹን (የዘንጉን መገጣጠሚያዎች) ይጫናል። "ፎር ዊሉ አልላቀቅ አለኝ" ከሚሉት ብዙዎቹ ችግራቸው ይኸው ነው። ቀጥ አድርጎ ጥቂት ወደ ኋላ መንዳት ብዙ ጊዜ ይፈታዋል።

ፍሬንና መሪ

እዚህ ላይ አቋሜ ጥብቅ ነው። ምርመራው የእናንተ፣ ጥገናው የባለሙያ። ፔዳሉ ግቢ ውስጥ ጠንካራ መሆኑ ቁልቁለት ላይ ስለሚሆነው ነገር ትንሽ ብቻ ነው የሚነግራችሁ። ከጎሃ ጽዮን እስከ ዓባይ ወንዝ ያለው መውረጃ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ ይጥላል። የቆየ የፍሬን ዘይት ውኃ ይጠጣል፣ ሲግል ይፈላል፣ ፔዳሉም ባዶ ይሆናል። ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ ማስቀየር አይቀርም።

ባለ ፒካፕ ሁሉ እንዲያውቅልኝ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። ከኋላ አክስል ጋር በዘንግ የተያያዘች ቫልቭ አለች። የመኪናውን ጀርባ ከፍታ እያየች ለኋላ ፍሬን የሚሄደውን ግፊት ትወስናለች። ጀርባው ከፍ ካለ "ባዶ ነው" ብላ የኋላውን ፍሬን ትቀንሳለች። ጭነት ለመቻል ባሌስትራ ሲጨመር ጀርባው ከፍ ይላል። መኪናው ሙሉ ጭኖም ቫልቯ ባዶ ነው ብላ ታስባለች። የኋላ ሸራው አዲስ፣ ታምቡሩ ደህና ሆኖ ፍሬኑ የሚደክምበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ባሌስትራ ጨምራችሁ ከሆነ የዘንጓን ልክ እንዲያስተካክል ለመካኒኩ በስም ንገሩት። ካልተጠየቀ ብዙው አይነካትም።

መሪው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ መጀመሪያ ጎሚስታ ጋ ሄዳችሁ ጎማውን ባላንስ አስደርጉ። ካልጠፋ የፊቱን አንሡ። ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ነቅንቁት። ክፍተት ከተሰማችሁ ሌላ ሰው ፍሬን ይርገጥ፣ እናንተ ድገሙት። ክፍተቱ ከጠፋ የጎማው ኩሽኔታ (ቤሪንግ) ነው። ካልጠፋ ጎማውን የሚያዞረው የጉልበቱ ኩሽኔታ ነው። ግራና ቀኝ ይዛችሁ ስትነቀንቁ ከሆነ ደግሞ የመሪ ቲራንቶችን (መሪውን ከጎማው የሚያገናኙትን ዘንጎች) እዩ። ጉልበቱ ክብ ብረት ላይ ቀጭን ጥቁር ዘይት ወደ ጎማው እየወረደ ከሆነ የአክስሉ የውስጥ ጎሚኒ (ዘይት የሚያግደው ጎማ) አልቋል፣ የዲፈረንሻሉ ዘይት ከግራሶው ተቀላቅሏል። ይህ ሙሉ ቀን የሚወስድ የሚያቆሽሽ ሥራ ነው። መካኒክ ወደ ቤታችሁ ጠርታችሁ አጠገቡ ቆማችሁ ብታሠሩት እመርጣለሁ። ጋራዥ ውስጥ ግራሶው ሳይታጠብ አዲስ ከላይ ተጨምሮ ቢዘጋ ማን ያያል?

የታይሚንግ ቺንጋ

3ኤልም 5ኤልም 1ኤችዜድም በቺንጋ (ቫልቮቹን ከሞተሩ ዙር ጋር በሚያስተካክል የጎማ ቀበቶ) ነው የሚሠሩት። የተለመደው መቀየሪያ 100,000 ኪሎ ሜትር ነው። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የማስጠንቀቂያ መብራት የሚከተለው ቆጣሪውን ነው፣ የቺንጋውን ሁኔታ አያውቅም። መኪናውን ከሌላ ሰው ከገዛችሁና መቼ እንደተቀየረ ማስረጃ ከሌለ ቀይሩት። ከተቆረጠ ቫልቮቹ ከፒስተኑ ይጋጫሉ።

በእኔ መለኪያ ይህ ሥራ ግቢ ውስጥም ሊሠራ ይችላል፣ ምክንያቱም ቆሞ ይፈተሻል። ቺንጋው ከገባ በኋላ ሞተሩ በቁልፍ፣ በእጅ፣ ሁለት ሙሉ ዙር ይዞራል። የኮሎው (በፒስተኖቹ የሚዞረው ዘንግ)፣ የካምሻፍቱና (ቫልቭ የሚከፍተው ዘንግ) የናፍጣ ፓምፑ ምልክቶች ሦስቱም ወደ ቦታቸው መመለስ አለባቸው። የሚያግድ ነገር ከተሰማ ማስገደድ የለም፣ እንደገና ይፈታ። መካኒኩ ይህን ሳያደርግ በሞተሪኖ ላስነሣ ካለ አስቁሙት። ለራሳችሁ ግን የመጀመሪያ ሥራችሁ አታድርጉት። ፑሌጃ (ኮሎው ጫፍ ላይ ያለውን ክብ ብረት) መንቀያ የሌለው ሰው በመዶሻ ይጀምራል።

ዕቃው፦ አዲስ ወይስ ሶማሌ ተራ?

ያገለገለ ዕቃ መጥፎ አይደለም። አዲስ አበባ ያለው የመለዋወጫ ገበያ፣ ሶማሌ ተራ፣ የሚገኝ የሞተሪኖ አካል፣ የጎማ ማያያዣ፣ ፕሮፔለር፣ የካምቢዮ ቤት፣ በርና ኮፈን ከአዲስ ቅጂ ይሻላል። ብረቱ የፋብሪካው ነው፣ መኪናው ላይም ራሱን አስመስክሯል። የሚያልቅና የሚደርቅ ነገር ግን ያገለገለ አይገዛም። ቺንጋ፣ የፍሬን ዕቃ፣ ጎሚኒ፣ ቱቦ፣ ኩሽኔታ አዲስ ይሁን።

ኩሽኔታ ላይ ቁጥር ተቀርጿል። በመኪናው ስም ሳይሆን በቁጥሩ ጠይቁ። እንደ ኮዮና ኤንኤስኬ ያሉ የጃፓን ሥራዎችን በዚያው ቁጥር ካገኛችሁ የቶዮታ ካርቶን የግድ አይደለም። ፍሪሲዮንም እንዲሁ፣ የአይሲን ሥራ በቂ ነው። አሮጌውን ዕቃ ሳትይዙ ገበያ አትውጡ። ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ጥርሱን፣ ቁመቱንና ቀዳዳውን አስተያዩ።

ሞተሩ ካለቀ

ኮምፕሬሽኑ ተለክቶ ወድቆ ከተገኘ ሁለት መንገድ አለ። ያለውን አውርዶ ማሳደስ፣ ወይም ያገለገለ ሙሉ ሞተር መግጠም። ሲሊንደሩና ኮሎው ቶርኖ ቤት ሊያድናቸው ከቻለ ማሳደሱን እመርጣለሁ። ውስጡ የገባውን ታውቃላችሁ። ብሎኩ ከተሰነጠቀ ወይም መኪናው እንጀራችሁ ሆኖ ረጅም መቆም ካልቻለ ያገለገለው ይሻላል። ከመክፈላችሁ በፊት ሞተሩ ሲነሣ፣ ያውም በረዶ ሆኖ፣ እዩ። የሞተር ቁጥሩ ሊብሬው ላይ የተጻፈ ስለሆነ ከሻጩ የግዢ ደረሰኝና የሞተሩን ሕጋዊ ወረቀት ተቀበሉ። ለውጡንም ቀጣዩ ቦሎ ሳይደርስ አስመዝግቡ።